የእህቴ ሰርግ ስንት ጊጋ ነው?

ታላቅ እህቴ የተዳረችው በ1988 ዓ.ም. ነው። ሰርጓ እስከ ዘንድሮ ድረስ እማዬ አልጋ ስር ነበር። አንድ የቪዲዮ ካሴት፣ ሦስት ሰዓት። ካሴቱ በላስቲክ፣ ላስቲኩ በነጠላ፣ ነጠላው በሻንጣ። እማዬ ወርቋን እንኳ እንዲህ አልደበቀችም።

እህቴ ያኔ ኮፒውን ይዛ አሜሪካ ገብታ ነበር። እዚያ ግን አልሠራም። የኛ አገር ካሴት ፓል ነው፣ በሰከንድ 25 ምስል። የእነሱ ኤንቲኤስሲ ነው፣ ወደ 30 ይጠጋል። የሜሪላንዱ ዴክ ካሴቱን ሲጎርስ ስክሪኑ ላይ ዝናብ ብቻ ዘነበ። «ባሌን አስገባሁት፣ ሰርጌን ግን ቪዛ ከለከሉት» ትላለች እስከ ዛሬ።

ዘንድሮ ልጆቿ ሰርጉን ካላየን አሉ። «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ» ተባልኩ። እኛ ቤት አንዴ ፕሪንተር ያስነሳ ሰው ዕድሜ ልኩን ኮምፒውተር አዋቂ ነው።

መጀመሪያ ዴክ መፈለግ ነው። አዲስ የሚባል የለም። የመጨረሻው አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ማምረቱን አቁሟል። ጎረቤታችን ቤት አንድ ተገኘ፣ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ። አበባውን አንስተን፣ ሄዱን ጠርገን፣ ካሴቱን ከተትን። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። ዴኩ አልበላውም።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምስሉን ምንም ሳይጨመቅ ኮምፒውተር ላይ ልገልብጥ ብል አንዱ ሰዓት 75 ጊጋ ገደማ ይሆናል። ሦስቱ ሰዓት 225። ላፕቶፔ ከነነፍሱ 256 ነው። እናም ጥፋቴን አጠፋሁ። እሁድ ቡና ላይ «ሰርጉ መጨመቅ አለበት» ብዬ ተናገርኩ።

ቤተሰቡ «መቁረጥ» ብሎ ሰማኝ። አክስቴ ቀደመች፦ «የወንዱ ወገን ሲበላ ያለውን ቁረጠው። ያን ሁሉ ቁርጥ ማን ያያል!» አንዱ የሚዜዎቹን ጭፈራ አስወጣ። ታናሽ እህቴ ሙሽሮቹ ከጽጌረዳ ውስጥ ብቅ የሚሉበትን ኢፌክት ተጸየፈችው። (እማዬ እሱን የሚነካ ወዮለት አለች። ለዚያ ለብቻው ተከፍሏል።) በሁለተኛው ስኒ ላይ ሰርጉ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል፣ ሁሉም የኛ ወገን።

«ሰው አይቆረጥም!» አልኩ። «ማሽኑ የመጀመሪያውን ምስል ሙሉ ይጽፈዋል። ከዚያ በኋላ የሚጽፈው የተለወጠውን ብቻ ነው። ለምሳሌ ጋሼን እዩ።» ጋሼ አጎታችን ናቸው። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠዋል፣ ሦስት ሰዓት፣ ንቅንቅ የለም። «ለኮዴክ፣ ማለት ለሚጨምቀው ፕሮግራም፣ እንደ ጋሼ ያለ ሰው በረከት ነው። አንዴ ይጽፋቸውና በቃ፣ እንደነበሩ ናቸው እያለ ያልፋል።»

«ሦስት ሰዓት ተቀምጬ አንዴ ብቻ?» አሉ ጋሼ።

«ተነስተህ ጨፍር ስንልህ እምቢ አላልክም?» አለች አክስቴ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ እንዲህም ቀላል አይደለም። ካሴቱ አርጅቷል፣ ምስሉ ላይ ጉንዳን የሚመስል ነገር ይርመሰመሳል። ስለዚህ ጋሼ ባይንቀሳቀሱም ይርገፈገፋሉ። ማሽኑ ደግሞ ብርድ ይሁን ጉንዳን አይለይም፤ መርገፍገፉን ሁሉ ለውጥ ነው ብሎ ጊጋ ያባክንበታል። እስክስታውማ አይነሳ። ጊጋ ስትነፍገው የአክስቴ ትከሻ አራት ማዕዘን እየሆነ እንደ ዳማ ሰሌዳ ይበታተናል። «ይሄ የማን ትከሻ ነው?» ብላ ስትቆጣ ፋይሉን ቶሎ ዘጋሁት።

ከዚያ ብቻዬን ሆኜ የመጨመቂያ ፎርማት መረጥኩ። ኤች 264 በፈረንጆቹ የ2003 ልጅ ነው፣ የማይከፍተው የለም። 265 በአሥር ዓመት ያንሳል፣ ቦታም በግማሽ ገደማ ይቆጥባል፣ ግን ሁሉም ቤት አይገባም። ኤቪ1 ከሁለቱም ይበልጥ ይቆጥባል፣ ክፍያም የለውም አሉኝ። ሞከርኩት። ማታ አስጀምሬው ተኛሁ፤ ጠዋት ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ግሏል፣ ሙሽራዋ ገና ከቤት አልወጣችም።

ሦስቱም ግን የሚጥሉት ነገር አላቸው። ዓይን አያስተውለውም ብለው ነው የሚጥሉት። የእማዬን ዓይን አያውቁትም። አንዲት ቅንጣት የማይጥለው ኤፍኤፍቪ1 የሚባለው ነው። ቪየና ያለው የኦስትሪያ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ሳይቀር በዚህ ያስቀምጣል። ይህን ስናገር ጋሼ ጠየቁኝ፦ «ቪየና የኛ ሰርግ አለ እንዴ?»

በኤፍኤፍቪ1 ሰርጉ መቶ ጊጋ ገደማ ሆነ። ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ወንድሜ ጋ፤ ቤት ቢቃጠል ሰርጉ አይቃጠልም። ኮራሁ። ጥቂት ደቂቃ ቆርጬ በፍላሽ ለእማዬ ወሰድኩላት። ቴሌቪዥኑ «ይህን ፎርማት አልደግፍም» አለ። እማዬ ቴሌቪዥኑን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ካሴቱ እኮ ይሠራ ነበር» አለች።

አፍሬ ተመለስኩ። ሙሉውን በኤች 264 ሠራሁት። 6 ጊጋ። ሰካሁት፣ ተነሳ! እልል አለች። ጎረቤት ተጠራ። ቡና ተፈላ።

በማግስቱ ቴሌግራም ላይ የቤተሰቡ ግሩፕ በቪዲዮ ተጥለቀለቀ። እማዬ ቴሌቪዥኑን በስልኳ እየቀረጸች ትልክ ኖሯል። ዘንበል ብሎ፣ ግማሹ መጋረጃ፣ ከታች የረከቦት ጫፍ። እላዩ ላይ ድምጿ አለ፦ «ይቺ የቄስ ገበያው ልጅ ናት፣ ይሄ ያ ሽንኩርት ነጋዴው፣ ውይ ነፍሱን ይማር...» ቴሌግራም ደግሞ እንደገና ጨምቆታል። ሙሽራው ማን እንደሆነ ከድምጿ ካልሆነ አይታወቅም። እህቴ ከሜሪላንድ እያለቀሰች ደወለች። የኔን 6 ጊጋ ሊንክ ከላክሁላት ሁለት ሳምንት ሆኖታል፣ ገና አልከፈተችውም።

ማታ እማዬ ጠራችኝ። ስልኳን ሰጠችኝ።

«ይቺን የኔን በፍላሽ አድርግልኝ፣ በትልቁ ልያት።»

አደረግሁላት። ስልኩ የሚቀርጸው በ265 ነው። ቴሌቪዥኑ አልደግፍም አለ።