ጉዳዩ የምግብ ነው
«የባሕር በረዶ ሲቀልጥ ትልቁ ችግር የውሃው ከፍ ማለት ነው» የሚለው አላሳመነኝም። ተንሳፋፊ በረዶ ሲቀልጥ ውሃውን እምብዛም አይጨምርም፤ ብርጭቆ ላይ ሞክሩት። ከፍ የሚያደርገው የብስ ላይ ያለው ነው። የባሕሩ በረዶ ጉዳይ የምግብ ነው። አንታርክቲካ ላይ ከበረዶው ሥር አልጌ (ጥቃቅን ዕፅዋት መሰል ነገር) ይበቅላል፣ ታዳጊ ክሪሎች (ሽሪምፕ መሰል ትናንሽ የባሕር እንስሳት) ክረምቱን እሱን እየጋጡ ያልፋሉ፣ ክሪልን ደግሞ ፔንግዊንና ዓሣ ነባሪ ይበላል። በረዶው ምግብ ብቻ ሳይሆን ጫጩት ማሳደጊያም ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያው አንታርክቲካ ቤሊንግስሃውዘን ባሕር ላይ በረዶው ቀድሞ ተሰባብሮ ከ5 የንጉሠ ነገሥት ፔንግዊን መራቢያዎች 4ቱ ያለ ጫጩት ቀሩ። «ባሕር የሌለን እኛ ምን አገባን» ለምትል ወንድሜ፦ እኔ አቃቂ ነው ያደግኩት፤ ከሥር የሚበላሽ ውሃ አውቃለሁ። አባ ሳሙኤል ግድብ እምቦጭ ሲለብስ ዓሣው አየር ያጥረዋል፣ ከሩቅ ላየው ግን ለምለም ሜዳ ነው። ጥጃችን እንኳ ተሸውዶ ሊገባበት ነበር።