ውክልና ቤት አይደለም

ወገኖቼ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ፣ በጀሞና በሌሎችም የከተማችን ዳርቻዎች የምትኖሩ ሁሉ፣ በዕቁብና በብድር ስንት ዓመት ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ ጠዋት ለሻጭና ለደላላ ቆጥራችሁ አስረክባችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ማኅተም ያረፈበት የውክልና ወረቀት በፌስታል ይዛችሁ «ቤት ገዛን» እያላችሁ ስትመለሱ ደጋግሜ አይቻለሁና ዝም ማለት አልቻልሁም። የያዛችሁት ውክልና ነው፤ ቤት አልገዛችሁም።

በተለምዶ ውልና ማስረጃ የምንለው መሥሪያ ቤት ምን እንደሚሠራ ብዙዎቻችን ሳናውቅ ነው ሰልፍ የምንይዘው። በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ሰነድ አረጋጋጩ የፈራሚውን ማንነት፣ ለመፈረም ያለውን ችሎታና ሥልጣን ይመረምራል፤ ይዘቱ ሕግንና ሞራልን የሚቃረን ሆኖ ካገኘው ሰነዱን አያረጋግጥም። ዋጋው ተገቢ ስለ መሆኑ፣ ደላላው በጆሯችሁ ያንሾካሾከው እውነት ስለ መሆኑ፣ ከመስኮቱ ውጭ ስለተቀባበላችሁት ገንዘብ ግን የሚያውቀው ነገር የለም፤ ማወቅም ሥራው አይደለም። ጠበቃችሁ አይደለምና ለገዢም ለሻጭም ሊያደላ አይችልም። የውክልና ሰነድ አቅርባችሁለት ካረጋገጠ ያረጋገጠው ውክልናውን ብቻ ነው፤ ማኅተሙ ውክልናውን ወደ ሽያጭ አይለውጠውም።

የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱን እስከ 5 ዓመት ድረስ እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ይህን ክልከላ ለመዝለል ደላሎች ያስለመዱን መንገድ፣ በጓዳ የሽያጭ ወረቀት ጽፎ በአደባባይ «የመሸጥና የመለወጥ» ሥልጣን ያለበት ውክልና መቀበል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን በአንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ እንደሌለው፣ በአንቀጽ 1723 ደግሞ እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ እንዳለበት ይደነግጋል። ውክልናን በሚመለከት ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው እንደሚችል፣ ይህን የሚከለክል ቃል በሰነዱ ቢገባ እንኳ ዋጋ እንደሌለው አንቀጽ 2226 ይናገራል። እንግዲህ ደላላው «የማይሻር ነው» ብሎ ሲምልላችሁ ምን እንደሸጠላችሁ አስቡት! ከዚህም የከፋው አንቀጽ 2232 ነው፤ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናውም አብሮት ይቀራል።

ይህ የሆነበት ጎረቤት አለኝ። ሻጩ ደግ ሰው ነበር፤ ክፋትም አላሰበበትም፤ ታሞ ሞተ እንጂ። ከዐርባው በኋላ ወራሾቹ መጡ፤ አባታቸው ቤቱን ስለ መሸጡ አልሰሙም፣ ካርታውም በአባታቸው ስም ነው። ሽማግሌ ገብቶ፣ ብዙ ተለምኖ፣ ጎረቤቴ አንድ ጊዜ በከፈለበት ቤት ላይ ሌላ ገንዘብ ጨምሮ ተስማማ። ወራሾቹን መውቀስ አልቻልሁም፤ ማኅተሙን ያሳረፈውን ሠራተኛም እንዲሁ።

አረጋጋጩ ግዴታውን ሲወጣ የምንቆጣውም እኛው ነን። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68፣ ባልና ሚስት የጋራቸው የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሠራተኛው የትዳር ጓደኛችሁን አምጡ ወይም ያላገባ ማስረጃ አቅርቡ ሲላችሁ «ምን አገባህ» ማለት ነውር ነው፤ ያገባ ሆኖ ያላገባ ማስረጃ ማውጣት ደግሞ ወንጀል ነው። ማንበብ የማይችሉ እናታችሁን በጣት አሻራ ስታስፈርሙም የሰነዱን ይዘት እንዲያውቁት አድርጉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1728 የማያነብ ሰው ፊርማ በአረጋጋጭ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ያለው እንዲህ ያሉትን እናቶች ሊጠብቅ ነው። «ገብቶዎታል?» ተብለው ሲጠየቁ ከኋላ ሆናችሁ «በይ እሺ በይ» የምትሉ ልጆች ጥበቃውን ታፈርሱታላችሁ።

ከአርሶ አደር ስለሚገዛው ባዶ መሬትና ስለ ጨረቃ ቤት ብዙ አልልም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሏል፣ አረጋጋጩም ይህን ሊያዋውል አይችልም። እርሱ እንቢ ያለውን በሦስት ምስክር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ብትፈራረሙ ሕጋዊ አታደርጉትም።

አሁን ውክልና በእጃችሁ ይዛችሁ የምትኖሩ ግን ነገ አትበሉ። 5 ዓመቱ ካለፈና ወካዩ በሕይወት ካለ፣ ነገሩን በግልጽ ንገሩትና የትዳር ጓደኛም ካለው ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ትክክለኛውን የሽያጭ ውል ፈርሙ፣ ስሙንም አዛውሩ። 5 ዓመቱ ገና ከሆነ የሕግ ባለሙያ አማክሩ፤ የምትከፍሉትም የምክር ዋጋ ለደላላው ከቆጠራችሁለት ኮሚሽን ያነሰ ነው።