ማስተካከያ፦ ስለ ጆከርና ስለ ማግኔቶ አመጣጥ

የኮሚክ መጻሕፍትን ታላላቅ ክፉ ገጸ ባሕርያት በደረጃ ባቀረብንበት ጽሑፍ፣ አንደኛ ያደረግነው የጀግናው የባትማን ጠላት ጆከር እ.ኤ.አ. በ1940 በመጀመሪያው የባትማን እትም ሲመጣ ኬሚካል ውስጥ የወደቀ ሰው ተደርጎ እንደተተረከ መግለጻችን ስሕተት ነው። በዚያ እትም ስለ አመጣጡ የተነገረ ነገር የለም፤ ጭንብል ለባሽ ሌባ ሳለ በኬሚካል ዝቃጭ ውስጥ ዋኝቶ ሲያመልጥ ቆዳው እንደነጣ፣ ጸጉሩም አረንጓዴ እንደሆነ የሚናገረው ታሪክ የወጣው በ1951 ነው። ያልተሳካለት ቀልደኛ ነበር የሚለው ደግሞ በ1988 በወጣ ሌላ ታሪክ የተጨመረ ሲሆን፣ እዚያም ጆከር ራሱ ያለፈውን አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ አድርጎ እንደሚያስታውሰው ስለሚናገር፣ «እውነተኛ አመጣጡ» ብለን መጻፋችን ከመነሻው አያስኬድም ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ይብሳል። የኤክስ ሜን ጀግኖች ጠላት የሆነውን ማግኔቶን ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በ1963 ሲፈጥሩት፣ ናዚዎች አይሁዶችን ከጨፈጨፉበት ከኦሽዊትዝ ካምፕ የተረፈ አድርገውት እንደነበር ጽፈናል። በእርግጥ ግን ያኔ ያለፈ ሕይወቱ ያልተነገረለት፣ ዓለምን ልግዛ ባይ ብቻ ነበር፤ የኦሽዊትዝን ታሪክ ያስገባው በ1981 ጸሐፊው ክሪስ ክሌርሞንት በ150ኛው የኤክስ ሜን እትም ነው። ሦስተኛ ደረጃ የሰጠነው በዚሁ ታሪክ ምክንያት ስለሆነ ምስጋናው ለክሌርሞንት ይገባል፤ ደረጃው ግን አልተለወጠም። ዶክተር ዱም ሁለተኛ መሆኑን የተቃወሙ አንባቢዎች ቅሬታ የአስተያየት ልዩነት በመሆኑ እዚህ አልተካተተም።