በሬሳ ወንዝም መድኃኒት ይጠጣል

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ ያቺ ቀይና ቢጫዋ ፍሬ አልተረፈችህም? ጉሮሮዬን አሞኛል» አሉኝ። አሞክሳሲሊን የሚባለውን ጀርም ገዳይ መድኃኒት ማለታቸው ነው። ተርፋኝ ነበር፤ ግን ሽንት ቤት ጥያታለሁ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ!

የደብረ ብርሃን ሰው የበሬሳን ወንዝ ያውቀዋል። ልብስ ይታጠብበታል፣ ከብት ይጠጣዋል። ከከተማው ወጥቶ ጀማ ወንዝ ይገባል፣ ጀማ ደግሞ ዓባይ። ክረምት ሲሆን ሽንት ቤት ይሞላል፣ ይሰርጋል፤ ጎርፉም ያገኘውን ጠርጎ ወንዙ ውስጥ ይጨምራል።

አሞክሳሲሊን ስንውጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንዳለ በሽንት ይወጣል። ለከብት የሚወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊንም በሽንትና በእበት ይወጣል። ወንዝ ሲደርስ ይሳሳል። ጀርሙን ለመግደል አይበቃም፣ ለማለማመድ ግን ይበቃል። ጀርሞች ደግሞ ቸር ናቸው፤ አንዱ ከመድኃኒት የሚያመልጥበትን ዘዴ ከዘረመሉ ቆርሶ ለሌላው ያቀብላል። ዘመድ መሆን እንኳ አያስፈልግም። ማንንም የማይጎዳ የወንዝ ጀርም ተቅማጥ ለሚያመጣው ሊያካፍለው ይችላል።

ያ ጀርም ባልፈላ ውኃ ወይም በዚያው ውኃ በታጠበ ሰላጣ ሆዳችን ይገባል። ልጅ ይታመማል፤ ሐኪሙ የሰጠው የመጀመሪያው መድኃኒት አይሠራም። ሁለተኛው ውድ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች በዓለም ላይ በቀጥታ የገደሉት ሰው 1.27 ሚሊዮን ይገመታል።

ሁሌ የምንሰማው ምክር «ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰዱ» የሚል ነው። ልክ ነው። ግን ሐኪም ያዘዘውም ቢሆን ወንዝ መውረዱ አይቀርም። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው፤ መድኃኒት የሚገዛውን ሰው እንቆጣለን፣ ፍሳሹን ማንም አያነሳውም። የሆስፒታል ፍሳሽ ሳይጣራ ለምን ይለቀቃል ብለን የምንጠይቀው መቼ ነው? እስከዚያው ውኃ እናፍላ። የተላመደውም ጀርም ቢሆን ፍል ውኃ አይችልም።

ለጎረቤታችን ለብ ያለ ውኃ በጨው አድርጌ ሰጠኋቸው። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም የቫይረስ ነው፤ ያቺ ፍሬ ብትኖርም ምናልባት አትረዳቸውም ነበር። ሲጉመጠመጡ ቆይተው «ታዲያ የተረፈው የት ይጣል?» አሉኝ። በማግስቱ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ጠየቅሁ።

«እኛ አንቀበልም» አለኝ ልጁ። «ሽንት ቤት ጣለው።»