መሰናበት እንደ ኤልተን ጆን!

መሄድማ ማንም ይሄዳል። መሰናበት ግን ጥበብ ነው። በዚህ ጥበብ ደግሞ የእንግሊዙን ዘፋኝ ሰር ኤልተን ጆንን የሚስተካከል አላየሁም።

ሰውየው "በቃኝ፣ ከእንግዲህ መድረክ አልወጣም" ያለው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1977 ነው፤ ለንደን ዌምብሌይ፣ ያውም መድረክ ላይ ሆኖ። ገና 30 ዓመቱ ነበር። የአገሩ የጡረታ ሕግ እንኳ እንዲህ አይቸኩልም። ደግነቱ ብዙ አላስናፈቀንም። በ1979 ሶቪየት ኅብረት ድረስ ሄዶ ፒያኖውን ሲቀጠቅጥ ተገኘ።

አቦል ላይ "ልነሳ" ብላ በረካን ጠጥታ የምትነሳ አክስት አለችኝ። በር ላይ ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት። ስናማት ኖረናል። ለካ አርቲስት ናት! የጎደላት አንድ ነገር ነው፤ ትኬት አልሸጠችልንም።

ሰር ኤልተን ሸጠ። የስንብት ቱሩን በሴፕቴምበር 2018 አሜሪካ ላይ ጀምሮ በጁላይ 2023 ስቶክሆልም ላይ ጨረሰው። ቻው ለማለት አምስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። መሃል ላይ ኮሮና ገባ፣ ዳሌውም አስቸገረው። ስንብቱ ግን ወይ ፍንክች! ከ300 በላይ ኮንሰርት፣ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ። "ደህና ሁኑ"ን በዚህ ዋጋ የሸጠ ሌላ ካለ ንገሩኝ።

አወጣጡንማ ማየት ነው። እንደ ተራ ዘፋኝ ከመጋረጃ ጀርባ አይሾልክም። ጋውኑን ያወልቃል፤ ከሥሩ ቱታ ለብሷል። ከዚያ አንዲት ትንሽ ማንሻ ላይ ይወጣና፣ እጁን እያውለበለበ ቀስ ብሎ ሽቅብ ይሄዳል። ግድግዳው ይከፈታል። ይገባል። ይዘጋል። ሕዝቡ እንባውን ይጠርጋል። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሕዝብ፣ ያው ግድግዳ።

ተመልካቹም ምስጋና ይገባዋል። ሰውየው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲዘፍን "ሌላ ጊዜ አየዋለሁ" እያለ ቤቱ የተቀመጠ ሁሉ፣ "የመጨረሻ" የምትል ቃል ስትለጠፍ ካርዱን መዥርጦ ወረፋ ያዘ። እንዲህ ያለ አስተዋይ ሕዝብ ባይኖር ስንብት በምን ያድግ ነበር?

ደግሞ አልዋሸም፤ እውነቱን እንነጋገር። ያቆመው ቱር ነው እንጂ ዘፈን አይደለም። በማርች 2025 ከአሜሪካዊቷ ዘፋኝ ከብራንዲ ካርላይል ጋር ለንደን ፓላዲየም ቲያትር ቤት ብቅ ብሎ አዲስ አልበማቸውን ዘፈነ። ለአንድ ምሽት ብቻ።

አክስቴ እሁድ ትመጣለች። "ብዙ አልቀመጥም" ብላለች።