ተረቱ ሲያልቅ ምክር አትጨምሩበት

በአማርኛ የሚታተሙ የሕፃናት መጻሕፍትን የመጨረሻ ገጽ ገልጦ ያየ ሰው «ልጆች፣ ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ያጋጥመዋል። ጥያቄው በራሱ ክፋት የለውም። ራስን ስለመሆን በሚተርክ አስቂኝ የሥዕል መጽሐፍ ላይ ሲለጠፍ ግን የመጽሐፉን ነፍስ ያወጣል ብዬ አምናለሁ። ልጁ ገና ስቆ ሳይጨርስ ፈተና ላይ ይቀመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ውስጥ የታተመውን የፈርዲናንድን ታሪክ ልጥቀስ። ጸሐፊው ሙንሮ ሊፍ፣ ሠዓሊው ሮበርት ላውሰን ናቸው። ፈርዲናንድ የስፔን ወይፈን ነው። እኩዮቹ ቀንድ ለቀንድ ሲጋጩ እሱ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ አበባ ያሸታል። እናቱ ብቻውን መዋሉ አሳስቧት ትጠይቀዋለች፤ እንዳልከፋው ስትረዳ ግን ትተወዋለች። «የእገሌን ልጅ አታይም?» አትለውም። አንድ ቀን ሳያውቅ ንብ ላይ ይቀመጣል። ነድፋው ሲዘልና ሲፈራገጥ ሰው በተመልካች ፊት ከኮርማ ጋር ለሚገጥመው ውጊያ ኮርማ ሊመርጡ የመጡ ሰዎች ያዩታል፤ ጀግና አገኘን ብለው እየፈነደቁ ማድሪድ ይወስዱታል። የውጊያው ሜዳ መሃል ሲገባ ደግሞ ተመልካች ሴቶቹ ፀጉራቸው ላይ የሰኩት አበባ ይሸተውና ዘርፈጥ ብሎ ይቀመጣል። ሊዋጉት የመጡት ባለ ጦሮች ይበሳጫሉ፣ ባለ ሰይፉ ያለቅሳል። ልጅ የሚስቀው በእነሱ ነው፤ አንዱን ወይፈን በግድ ተዋጋ በሚሉት ትልልቅ ሰዎች።

አንድ ሥዕል ላይ ትንሽ ልቆይ። ፈርዲናንድ የሚቀመጥበት ዛፍ የቡሽ ዛፍ ነው። ቡሽ የሚገኘው ከዛፉ ቅርፊት ሲሆን፣ ላውሰን ግን የጠርሙስ መክደኛ ቡሾችን እንደ ፍሬ በዘለላ በዘለላ አንጠልጥሎ ሥሏቸዋል። ጽሑፉ ስለዚህ አንድም ቃል አይተነፍስም። የሚያነበው ሰው ዓይኑን ፊደሉ ላይ ተክሎ ሳለ፣ ፊደል ያልቆጠረው ልጅ ቀድሞ ያየዋል። የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ትልቁ ስጦታ ይህ ይመስለኛል፤ ለጥቂት ደቂቃ ልጁ ከአዋቂው የበለጠ ያውቃል። በመጨረሻ ፈርዲናንድ ወደ ዛፉ ይመለሳል፣ ደስ ብሎት ይኖራል፣ አለቀ። ምክር የሚባል ነገር የለበትም። ሆኖም የአምባገነኑ የፍራንኮ ስፔንም ሆነች ናዚ ጀርመን ከልክለውታል፤ መልእክቱ ሳይነገራቸው ገብቷቸዋል ማለት ነው። ለልጆችማ እንዴት አይገባቸውም?

የእንግሊዛዊው ዴቪድ ማኪ የሥዕል መጽሐፍ ኤልመርም (እ.ኤ.አ. 1968) እንዲሁ ነው። ባለ ብዙ ቀለሙ ዝሆን መንጋውን ለመምሰል ግራጫ ቀለም ይቀባል፤ ሁሉም ኮስተር ብለው በቆሙበት መሃል ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ይጮኽና ያስደነግጣቸዋል።

እኛም የዚህ ዘር አለን። ቂሉ ማሞ እናቱ ትናንት የመከረችውን ዛሬ በማይሆን ቦታ የሚፈጽም ልጅ ነው። ሳንቲም ሲጥል «ኪስህ ክተተው» ትለዋለች፤ በማግስቱ የድካሙን ዋጋ ወተት ሲሰጡት ኪሱ ውስጥ ይገለብጠዋል። ኋላ አህያ ተሸክሞ ሲያልፍ፣ ሳቅ የማታውቅ የሀብታም ልጅ አይታው በሳቅ ትፈነዳለች፤ የማሞም ዕድል ይቃናል። ተረቱ ሲያልቅ ማንም አያርመውም። የልጆች ቤተ መጻሕፍት በመክፈት የሚታወቁት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ይህን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ከሥዕል ጋር አሳትመውታል። ተረት በቃል ሲነገርም ብዙ ጊዜ የሚዘጋው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ ነው፤ የሚጠየቀው ዳቦ እንጂ መልስ አይደለም።

ያለ ምክር ልጅ መረን ይወጣል የሚሉ ወላጆች አሉ። ስጋታቸውን አልንቅም። ነገር ግን በሚያለቅሰው ባለ ሰይፍ የሳቀ ልጅ ፍርዱን ሰጥቷል፤ እኛ የምንጨምረው ፍርዱን መንጠቅ ብቻ ነው። ውጭ አገር ያሉ ወላጆች ደግሞ ልጃቸው አማርኛ እንዳይጠፋበት መጽሐፍ ፍለጋ ይደክማሉ። ልጁ «ድገሚልኝ» ካላለ ያ ሁሉ ድካም መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ አሳታሚዎቻችንን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ያንን የመጨረሻ ጥያቄ አውጡትና ቦታውን ለአንድ ተጨማሪ ሥዕል ስጡት። የቀልዱን ግማሽ የተሸከመው ሠዓሊው ነውና ስሙን ውስጥ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል አትደብቁት፤ ሽፋኑ ላይ ከጸሐፊው እኩል ጻፉት፣ ሲከፈለውም እኩል ይከፈለው።