ክብር ለስቱኮ

ባለፈው ቅዳሜ አዳማ፣ ሞጆ መውጫ አካባቢ ካለ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆሜ የአንዲት አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስን ትንሣኤ አየሁ። ሐሙስ ዕለት አይቻት ነበር። በሯ ሥር ያለው ላሜራ ተበልቶ ጣት ሳይሆን እጅ ያስገባል። ቅዳሜ ሙሽራ መስላ ወጣች። ቀዳዳው የት ሄደ? የትም አልሄደም። ጋዜጣ ተጠቅጥቆበታል፤ በጋዜጣው ላይ ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ ስቱኮ የሚሉት የቦዲ መድፈኛ ሊጥ፣ በስቱኮው ላይ ቀለም። ላዩን ሙሽራ፣ ውስጡን ለቄስ።

ይህን ጥበብ የሚያመሰግን ሰው አለመኖሩ ያንገበግበኛል። እኔ ልጀምር።

ክብር ለስቱኮ! ከማድረቂያው ጋር በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ ለውሰህ ትለጥፈዋለህ፤ ቡናው ሳይፈላ ድንጋይ ይሆናል። በብርጭቆ ወረቀት ስታሸው ፋብሪካው እንኳ እንዲያ አላለሰለሰውም። ምቀኞች «ስቱኮ እርጥበት ይጠጣል፤ ዝገቱ ከሥሩ መብላቱን አያቆምም» ይላሉ። ይብላ! እንግዳ ቤት ገብቶ እየበላ ማን ያቋርጠዋል? እኛ ዘንድ ነውር ነው። ሰው እንዳያየው በሩን ዘግተን እናበላዋለን እንጂ።

«አዳማ ሞቃት አገር፣ ዝገት ከየት መጣ?» የሚል አይጠፋም። ከራሳችን ነው፣ የማንም እርዳታ የለበትም። መኪና በር ታችኛው ጠርዝ ላይ ውሃ እንዲወርድ ተብለው የተተዉ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ያ ጋራው ላይ የነፋስ ማመንጫውን የሚያሽከረክረው ነፋሳችን አቧራውን በነፃ ያመጣና ይደፍናቸዋል። ከዚያ ላቫጆ እንገባለን። ውሃው በመስታወቱ ጠርዝ ይወርዳል፣ መውጫ ያጣል፣ ጭቃ ሆኖ እዚያው ይተኛል። ብረትን ከውሃና ከአየር ጋር አንድ አልጋ ላይ አስተኝተህ ምን እንዲወለድ ትጠብቃለህ? ክረምት ላይ ደግሞ ጎርፉ አለ። ምንጣፉን አርሶ ያልፋል። ምንጣፉን አንስቶ የሚያይ ግን የለም። ምንጣፍ ማንሳት የሰው ምሥጢር ማውጣት ነው። (በነገራችን ላይ፣ በዚህ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የብዙዎቻችን ጥርስ የበለዘው በእሱ ነው። ለጥርስም የሚሆን ስቱኮ አለመምጣቱ ይቆጨኛል።)

አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ፣ የመኪና ቦዲ ሠሪ፣ አሉ። ገበያቸው የቀዘቀዘው በራሳቸው ጥፋት ነው። ፒክአፔን ወሰድኩላቸው። በሯ ሥር ቀለሙ አበጥ ብሏል፤ ከአንዲት ባለ ሃያ አምስት ሳንቲም ፍራንክ አይበልጥም።

«ጋሼ፣ ይቺን ዳበስ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

ካቻቪቴ አነሱና ጫን አደረጉት። ገባ። እስከ እጀታው ገባ። ወደ ጎን አለፍ ብለው ጫን አደረጉት። እሱም ገባ። ቡናማ ቅርፊት መሬት ላይ ተራገፈ፤ የዳቦ ፍርፋሪ ነው የሚመስለው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይሄ ነው።

«ኧረ ጋሼ ይብቃዎት፣ መኪናዬን ጨረሷት!»

«እኔ አይደለሁም የጨረስኳት፣ ልጄ።»

ከዚያ ያሉትን ስሙ። ዝገቱ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ ይወጣል። የቀዳዳው ልክ በካርቶን ይወሰዳል። የቦዲውን ውፍረት የሚያህል፣ አንድ ሚሊ ቢሞላ ነው፣ ላሜራ ተቆርጦ በመዶሻ ቅርጹ ይወጣል። ባትሪው ይፈታል። ምንጣፉ ይነሳል። የነዳጅ ታንከሩ ቅርብ ከሆነ ይወርዳል፤ አለዚያ የሚበየደው መኪናው ሳይሆን ባለመኪናው ነው። ከዚያ በሲኦቱ፣ በጋዝ በሚበይደው ማሽን፣ እዚህ አንድ ነጥብ፣ እዚያ ማዶ አንድ ነጥብ። ከጫፍ ይዞ እስከ ጫፍ መጎተት የለም፤ ስሱ ላሜራ ሲግል ይጎብጣላ። ነጥብ አድርጎ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ እንደገና ነጥብ። ነጥቦቹ ሲገናኙ ይሞረዳል። አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያው ቀለም፣ ከውጭም ከውስጥም። የውሃ መውረጃዋ ቀዳዳ ክፍት ትሁን።

«ስቱኮስ?» አልኩ፣ ተስፋ ሳልቆርጥ።

«መጨረሻ ላይ፣ እንደ ቅባት ስስ ተደርጎ።»

ስንት ቀን ይፈጃል? አራት ቀን። በአራት ቀን እኮ መኪና ተገዝታ፣ ተቀብታ፣ ተሸጣ፣ የገዛት ሰውዬም ጸጸቱን ይጨርሳል። አመስግኜ ወጣሁ።

ብየዳ የግድ ካስፈለገም የእኛ ልጆች ያውቁበታል። የመስኮት ፍርግርግ የሚበይድበትን ኤሌክትሮድ ይዞ ይመጣል። ስሱ ላሜራ ላይ ሲያሳርፈው «ብስ» ይልና አንዱ ቀዳዳ ሁለት ይሆናል። ይህ ልማት ነው። ሁለቱን ለመድፈን የጣሪያ ቆርቆሮ ቁራጭ ከላይ ይደርባል። ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይነሳል፣ በያጁ ያስላል፣ በባለመኪናው ሂሳብ ወተት ይጠጣል። በዝገቱና በቆርቆሮው መሃል ደግሞ ውሃ የሚያቁር ኪስ ይቀራል። በር ኪስ አወጣ! ተጨማሪ ክፍያ ግን አልጠየቀም።

የእኔን የሠራልኝ ልጅ ብየዳም አላስፈለገው። ሁለት ጋዜጣ በቃው። ወዲያው ለሽያጭ አወጣኋት። ጊዜውም ጥሩ ነው። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ወርቅ ሆኗል። ወርቅ ደግሞ አይዝግም። ለዚህ ነው የሚሸጥ መኪና ሁሉ «የግል የተያዘች፣ ቀለም ያልነካት» የሆነው። ደላላዬ የኔንም እንደዚያ ብሎ ነው ያወራላት፤ ቀለሙ ገና እጅ እየያዘ።

ገዢ መጣ። ዝምተኛ ነው፤ ዝምተኛ ገዢ ደግ አይደለም። ጎማ አልረገጠም፣ ኮፋኖ አላስከፈተም። ከኪሱ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት አወጣና ጣሪያው ላይ አስቀመጠ። ያዘ። የበሩ መሃል ላይ አደረገው። ያዘ። ወደ ታች ወረደ። ማግኔቱ ተንሸራቶ መሬት ላይ ዱብ አለ። አነሳና ደገመው። ዱብ።

ደላላው «ማግኔቱ ቻይና ነው መሰለኝ፣ የኔ ጌታ» አለ።

ሰውዬው መልስ አልሰጠም። ዞር ብሎ የግቢዬን የብረት በር በማግኔቱ ነካ አደረገው። ጣ! ብሎ ተጣበቀ።

ላብ አሰመጠኝ። ደላላው ግን ወዝ አልነካውም። የግቢውን በር አየ፣ ፒክአፗን አየ፣ ፈገግ አለ።

«አየህ አይደል? ብረት ነው የሚይዘው። ይቺ እኮ ከታች ብረት አይደለችም፤ መቼም አትዝግም።»